ፔዳሉ ሲጠነክር፦ የፍሬን ምርመራ ትምህርቴ እዚህ ደርሷል

የመኪናዬን ጥገና ራሴ መማር ከጀመርኩ ወዲህ ካንዴላ መቀየርና የፍሬን ሸራ መግጠም ለምጃለሁ። ሰሞኑን የቤንዚን መኪናዬ ፍሬን ጠነከረና ትምህርቱ አንድ ደረጃ ከፍ አለ። ፔዳሉ አይሰምጥም፣ አይላላም፤ መኪናዋን ለማቆም ግን ሙሉ የእግር ጉልበት ይፈልጋል። ይህን የሰማ ሁሉ «ሸራ ቀይር» ይላል። እኔ ግን ሰርቮው ይቅደም ባይ ነኝ፤ የመጀመሪያው ምርመራ አንድ ብሎን እንኳ አያስፈታም።

ሰርቮ ከፔዳሉ ፊት ለፊት፣ ሞተር ክፍሉ ውስጥ ያለው ክብ ጥቁር ቆርቆሮ ነው። ሞተሩ ከውስጡ አየር ይመጥጣል። ፔዳሉ ሲረገጥ የውጭ አየር ከዲያፍራሙ (ሰርቮውን ከውስጥ ለሁለት ከሚከፍለው ተለጣጭ ግድግዳ) በአንድ በኩል ብቻ ይገባና ይገፋዋል፤ የእግራችንን ኃይል የሚያበዛው ይህ የግፊት ልዩነት ነው።

ሞተሩን አጥፍቼ ፔዳሉ ድርቅ እስኪል ድረስ ደጋግሜ ረገጥኩ። ከዚያ እግሬን ሳላነሳ አስነሳሁ። ጤነኛ ቢሆን ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ዝቅ ማለት ነበረበት፤ የእኔው ንቅንቅ ያለው እምብዛም ነው። ዝቅ ቢል ኖሮ ፊቴን ወደ ጎማዎቹ አዞር ነበር፦ ወደ ተቃጠለ ሸራ፣ ሸራውን ወደሚገፋው፣ ወደ ተጣበቀ የካሊፐር ፒስተን።

ቀጥሎ የቫኪዩም (የሞተሩን የመምጠጥ ኃይል) መለኪያ ተዋስኩ። እዚህ ላይ አዲስ አበባ ያላችሁ ልብ በሉ! መጻሕፍቱ በሚኒሞ፣ ማለትም ቤንዚን ሳይረገጥ ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ፣ ከ17 እስከ 22 ኢንች ሜርኩሪ ይላሉ፤ ይህ ግን ለባሕር ጠለል ነው። በየ300 ሜትሩ ከፍታ አንድ ኢንች ገደማ ይቀንሳል። ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች እኛ ዘንድ 13 ቢያሳይ ሞተሩ ታሟል ማለት አይደለም። ሰርቮውም ቢሆን ደብረ ዘይት ወይም አዳማ ላይ ከሚሰጠው ያነሰ እገዛ እዚህ ይሰጣል።

ወደ ሰርቮው የሚሄደውን ቱቦ ነቅዬ ማኒፎልዱ (ሞተሩ አየር የሚያስገባበት ቧንቧ) ላይ በቀጥታ ስለካ 13 ገደማ አገኘሁ። ቱቦውን መልሼ በሰርቮው በኩል ባለው ጫፍ ስለካ ወደ 7 ወረደ። ስለዚህ ሌባው በሁለቱ መካከል ነው። ባለ አንድ አቅጣጫውን ቫልቭ አውጥቼ በአፌ ነፋሁበት፤ ከሰርቮው ወደ ሞተሩ ያሳልፋል፣ በተቃራኒው ይዘጋል፤ ደህና ነው። ቱቦው ተዘርግቶ ሲታይ አዲስ ይመስላል። መታጠፊያው ላይ ጎበጥ ሳደርገው ግን ከማሰሪያው ሥር ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ አፉን ከፈተ። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ይንቀጠቀጥ የነበረውም በዚሁ ምክንያት ነበር፤ ሞተሩ ያልተለካ አየር በዚያ ይስብ ነበር።

የገጠምኩት ለፍሬን ቫኪዩም የተሠራ ወፍራም ቱቦ ነው። የውኃ ቱቦ ቆርጣችሁ እንዳትገጥሙ አደራ፤ ሲመጠጥ ይጣበቃል። አሁን ሞተሩ ሲነሳ ፔዳሉ ዝቅ ይላል፤ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ለሁለት ሦስት ርግጫ እገዛው አይጠፋም።

ቀጣዩ የወንድሜ የናፍጣ ሚኒባስ ነው። በእንደዚህ ዓይነቱ አሮጌ ናፍጣ ሞተር ቫኪዩሙ የሚመጣው ከማኒፎልዱ ሳይሆን ከዲናሞው ጀርባ ካለች ፓምፕ ነው፤ ምርመራው የሚጀምረው ከእሷና ከዘይት ቱቦዋ ይሆናል። ይህን ፓምፕ ፈትታችሁ የምታውቁ ካላችሁ፣ ቅጠሎቿ ማለቃቸውን በምን እንደምትለዩ ጻፉልኝ።