ለመጋገር የሚሆን አፕል ጓሮዬ ላይ ያበቀልኩበት መንገድ

ለእህቴ ልደት የጋገርኩት የአፕል ፓይ ሲቆረጥ የላይኛው ሊጥ እንደ ጉልላት ቆሞ ቀረ። ከሥሩ ባዶ ነው። ከባዶው በታች ደግሞ ውሃ ያቋተ፣ የተልፈሰፈሰ አፕል። ጣዕሙ ስኳር ብቻ ነበር። አፕሉ እንኳ ምንም አልነበረበትም፤ ጥሬውን ቢበሉት የሚጥም፣ ቀይና ጣፋጭ አፕል ነው። እሳት ግን አይችልም። ለመጋገር የሚፈለገው ኮምጠጥ ያለ፣ ሥጋው ጠንካራ የሆነ አፕል ነው፤ እሱን ደግሞ በፈለግኩት ጊዜ ማግኘት ስላልቻልኩ ለምን ራሴ አላበቅለውም ብዬ ተነሳሁ። ከዚያ ወዲህ 10 ዓመት ሊሞላ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት በከንቱ አሳለፍኳቸው። ከበላሁት አፕል ዘሩን አውጥቼ ዕቃ ውስጥ ዘራሁት፤ በቀለ፤ ደስ አለኝ፤ እንደ ልጅ ተንከባከብኩት። በኋላ ስለ አትክልት የሚያውቅ ወዳጄ አይቶት «ይሄ ምን እንደሚያፈራ አንተም አታውቅም፣ እኔም አላውቅም» አለኝ። እውነቱን ነው። የዘሩ ግማሽ ባሕርይ የሚመጣው ንብ ከሌላ ዛፍ ካመጣችው የአበባ ብናኝ ስለሆነ፣ ከዘር የበቀለ አፕል እናቱን አይመስልም። ፍሬ እስኪሰጥም ብዙ ዓመት ይፈጃል። በእርግጥ አንዳንዴ ዕጣው ይወጣል። አረንጓዴው ግራኒ ስሚዝ ራሱ እንዲህ የተገኘ ነው፤ በ1868 ገደማ አውስትራሊያ ውስጥ ማሪያ አን ስሚዝ የተባሉ ሴት ግቢያቸው ውስጥ በራሱ በቅሎ ያገኙት ዛፍ ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ያለው ግራኒ ስሚዝ ሁሉ ከዚያ ከአንድ ዛፍ ቅርንጫፍ እየተቆረጠ፣ ሌላ ሥር ላይ እየተጋጠመ የተዳቀለ ነው። እኔ ግን ዕጣ የምጠብቅበት ጊዜ አልነበረኝም። የምፈልገው ፓይ ነው።

ስለዚህ የተዳቀለ ችግኝ ገዛሁ። የተዳቀለ ሲባል ሁለት ዛፍ አንድ ላይ ማለት ነው፤ ላይኛው የፍሬውን ዓይነት ይወስናል፣ ታችኛው ሥሩና ጉቶው የዛፉን ቁመት ይወስናል። ሰው ስለ ላይኛው ብቻ ይጠይቃል። ስለ ታችኛውም ጠይቁ። ኤም 9 የሚባለው ሥር ዛፉን አጭር ያደርገዋል፣ ቶሎ ያፈራል፣ ግን ዕድሜ ልኩን ድጋፍ ይፈልጋል። ኤምኤም 106 ከፍ ይላል፤ በመሰላል የሚለቀም፣ ራሱን ችሎ የሚቆም ዛፍ ይሆናል። እኔ ሁለተኛውን መረጥኩ። የላይኛው ግራኒ ስሚዝ ነው።

ዓይነት ስትመርጡ አንድ ነገር እንዳትዘሉ። አፕል ብርድ ካልነካው አያብብም። ቅጠሉን አራግፎ በሚያንቀላፋበት ወቅት ሙቀቱ ከ0 እስከ 7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መካከል የሚሆንባቸው ሰዓቶች ይቆጠራሉ። ብዙዎቹ የታወቁ ዓይነቶች በመቶዎች የሚቆጠር ሰዓት፣ አንዳንዶቹ 1,000 ገደማ ይፈልጋሉ። ብርድ በሚያንስበት ቦታ ያላችሁ አና ወይም ዶርሴት ጎልደን የሚባሉትን ፈልጉ፤ እነሱ በትንሽ ብርድ ይነቃሉ። ቦታችሁን ሳታውቁ ዓይነት በስሙ ብቻ ከገዛችሁ ቅጠል ብቻ ያለው ዛፍ ታቅፋችሁ ትቀራላችሁ።

ተከላው ላይ አንድ ትልቅ ስህተት ሠራሁ። ችግኙ ግንድ ላይ፣ ከሥሩ ከፍ ብሎ፣ እንደ ጉልበት ያበጠ ቦታ አለ። ሁለቱ ዛፎች የተጋጠሙበት ነው። እኔ ነፋስ እንዳይጥለው ብዬ እሱን ጨምሬ ቀበርኩት። በዓመቱ አንድ ነገር አጠራጠረኝና አፈሩን በእጄ ገለጥ ገለጥ ሳደርግ፣ ከእብጠቱ በላይ ካለው ግንድ ነጫጭ፣ ክር የመሰሉ ሥሮች ወጥተዋል። ላይኛው ዛፍ የራሱን ሥር እያወጣ ነበር። ቢቆይ ኖሮ የታችኛው ቁመት የመግታት ሥራ ከንቱ ሆኖ ዛፉ ከቤቱ በላይ ይሄድ ነበር። በመቀስ ቆረጥኳቸው፣ አፈሩንም ዙሪያውን ዝቅ አደረግኩት። እብጠቱ ሁልጊዜ ከመሬት በላይ፣ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ መታየት አለበት።

በሦስተኛው ዓመት አበበ። ማበብ ብቻ! አንድም ፍሬ አልያዘም። አፕል በአብዛኛው ከሌላ ዓይነት አፕል የመጣ ብናኝ ይፈልጋል፤ ያውም በተመሳሳይ ጊዜ ከሚያብብ። ወዲያው ጎልደን ደሊሸስ አጠገቡ ተከልኩ። እሱ እስኪያብብ ደግሞ አንድ ዘዴ ተማርኩ፤ በሚቀጥለው ዓመት ከሌላ ሰው ዛፍ ያበበ ቅርንጫፍ ለምኜ ባልዲ ውሃ ውስጥ አድርጌ ከዛፌ ሥር አቆምኩት። ቀሪውን ንቦቹ ሠሩት። 11 ፍሬ አገኘሁ። ለመጋገር ዝነኛ የሆነውን ብራምሊን የምትመኙ ካላችሁ፣ የእሱ ብናኝ ለሌላው ስለማይጠቅም ሦስት ዛፍ እንደሚያስፈልጋችሁ ዕወቁ፤ እሱንና እርስ በርስ የሚረዳዱ ሌሎች ሁለት።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስኩ። ማሳሳት፤ የበዛውን ፍሬ ገና ትንሽ ሳለ ቆርጦ መቀነስ።

አምስተኛው ዓመት ላይ ዛፉ በፍሬ ተንጠለጠለ። ሰው ሁሉ እያየ ያደንቃል፣ እኔም አንዱንም መንካት አሳሳኝ። ውጤቱ? አንድ ቅርንጫፍ ከነፍሬው ተገነጠለ። የተረፈው ፍሬ ደግሞ እንቁላል አያክልም፤ ልጣጩና እምብርቱ ሲወጣ ለፓይ የሚሆን ሥጋ አይተርፈውም። የባሰው በሚቀጥለው ዓመት መጣ፤ ዛፉ ጭራሽ አላበበም ማለት ይቻላል። ለካስ የሚመጣው ዓመት አበባ የሚጸነሰው የዘንድሮው ፍሬ ገና ጩጬ እያለ ነው። በፍሬው ውስጥ ያለው ዘር የሚያመነጨው ሆርሞን ያንን አበባ ይከለክለዋል። ፍሬ በበዛ ቁጥር ክልከላውም ይበዛል።

ስለዚህ አሁን ፍሬዎቹ የአውራ ጣት ጥፍሬን ሲያክሉ መቀስ ይዤ እገባለሁ። ከአንድ እምቡጥ አምስት ያህል አበባ ስለሚወጣ ፍሬዎቹ ተቃቅፈው ነው የሚገኙት። አብዛኛውን ጊዜ መካከለኛው ይወፍራል፤ እሱን ትቼ ሌሎቹን እቆርጣለሁ። መካከለኛው ጠባሳ ካለበት ወይም ከተጣመመ ከጎኑ ያለውን አስቀራለሁ። በሚቀሩት መካከል ስንዝር ሊሞላ ጥቂት የጎደለው፣ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ክፍተት እተዋለሁ። መሬቱ በአረንጓዴ ፍሬ ሲሸፈን ሆድ ያባባል፣ ያው ነው፣ እስካሁን አለመድኩትም። ግን በየዓመቱ ፍሬ የማገኘው ይሄን ማድረግ ከጀመርኩ ወዲህ ነው፤ እያንዳንዱም መዳፍ ይሞላል።

ከማሳሳቱ በኋላ እያንዳንዱን ፍሬ በትንሽ የወረቀት ከረጢት አለብሳለሁ፤ ትሉ እምብርቱ ድረስ እንዳይገባ ነው። አድካሚ ነው ግን መድኃኒት ከመርጨት ይሻለኛል። የወደቀ ፍሬና ነጠብጣብ ያለበት ቅጠል ከሥሩ አላሳድርም፤ በሽታው የሚከርመው እዚያ ላይ ነው። ገረዛውን ዛፉ ሲያንቀላፋ እሠራለሁ፤ የሞተውን፣ የተሻገረውንና ወደ መሃል የሚያድገውን ማውጣት ብቻ።

ግራኒ ስሚዝ ሁልጊዜ አረንጓዴ ስለሆነ መድረሱ በዓይን አይታወቅም። ከአበባ በኋላ ስድስት ወር ገደማ ይፈልጋል። እኔ አንዱን ለሁለት ከፍዬ የቁስል አዮዲን እቀባዋለሁ። ስታርች ያለበት ይጠቁራል፣ ወደ ስኳር የተቀየረው ነጭ ሆኖ ይቀራል። የሚነጣውም ከእምብርቱ ጀምሮ ወደ ውጭ ነው። መሃሉ ነጥቶ ዳር ዳሩ ሲጠቁር ለመጋገር የምለቅመው ያኔ ነው፣ ኮምጣጣነቱ ገና አልጠፋም። ያቺን የተቀባችውን መጣል ነው፣ አትበላም።

ወደዚያ ባዶ ጉልላት ልመለስ። ከአፕል ሥጋ አንድ አራተኛ የሚጠጋው አየር ነው። ጥሬውን ሊጥ ውስጥ ከከመራችሁት ሊጡ ይደርቃል፣ አፕሉ ደግሞ አየሩ ሲወጣ ከሥሩ ይሟሽሻል። ስለዚህ የተከተፈውን አፕል በስኳርና በሎሚ አሽቼ ግማሽ ሰዓት አስቀምጠዋለሁ። የወጣውን ውሃ አጥልዬ ለብቻው እንደ ሽሮፕ እስኪወፍር አፈላዋለሁ። አፕሉን ደግሞ ክዳን ባለው ድስት በለስላሳ እሳት፣ ሳይፈላ፣ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ መካከል 15 ደቂቃ ያህል አቆየዋለሁ። በዚህ ሙቀት የአፕሉን ሥጋ አያይዞ የሚይዘው ፔክቲን ይጠነክራል፤ ከዚያ በኋላ ኦቭን ውስጥ አንድ ሰዓት ቢቆይም አይፈርስም። ሲቀዘቅዝ ከሽሮፑና ከቀረፋ ጋር ሊጡ ውስጥ ይገባል። ከጎልደን ደሊሸስ ሲሶ ያህል እጨምርበታለሁ፤ እሱም ቅርጹን ይይዛል፣ የግራኒ ስሚዝንም ኮምጣጣነት ያለዝበዋል።

ባለፈው ልደቷ እህቴ ፓዩን ራሷ ቆረጠችው። ቢላዋው ከላይኛው ሊጥ እስከ ታችኛው ድረስ ክፍተት ሳያጋጥመው ወረደ። የአፕሉ ቁራጮች ተደራርበው፣ ጠርዛቸው እንደተሳለ፣ አንድ በአንድ ይቆጠሩ ነበር።