ቦርሳዬ ውስጥ ያለው ወረቀት

ሐምሌ 8፣ ማታ

የተቀመጥኩት ስለ ዝናቡ ልጽፍ ነበር። ከቢሮ ስወጣ ገና አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ አራት ኪሎ ግን ጨልሟል። ዣንጥላዬን ቤት ረስቻለሁ። ሮጬ ሥላሴ በር ላይ ተጠለልኩ። ትናንት ንግሥ ስለነበር ቄጠማው ተረግጦ ከጭቃው ጋር ተለውሷል። አጠገቤ ነጠላቸውን እስከ አፋቸው የተከናነቡ እናት ቆመዋል። "ይዝነብ ልጄ፣ ለገበሬው ነው" አሉኝ። እኔ እኮ ምንም አላልኩም ነበር። ፊቴ ላይ ምን እንዳዩ እንጃ። ሆዴ ባባ።

ቦርሳዬን ከዝናቡ ልሸሽግ ብዬ ደረቴ ላይ አቅፌዋለሁ። ውስጡ ያ ወረቀት አለ። ከሰኞ ጀምሮ ይዤው እዞራለሁ። ታክሲ ውስጥ፣ ምሳ ላይ፣ አሁን ደግሞ ሥላሴ በር ላይ።

የአክስቴ ልጅ ሥራ አገኘ። እልል የምልበት ቀን ነበር። ካሸር ሆኖ ነው የተቀጠረው። የእሱን ነገር እኔ አውቃለሁ። የቤቲንጉን ጣጣ፣ ስልኩን ዘግቶ የጠፋበትን ጊዜ፣ አክስቴ በየፖሊስ ጣቢያው የዞረችውን። ከተወው አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነው። ቆጥሬለታለሁ። እሱም ይቆጥራል። "እትዬ፣ ዋስ ብቻ ነው የቀረኝ" አለኝ በስልክ። ድምፁ እንደ ልጅነቱ ቀጥኖ ነበር። ቅጹን ራሱ ቢሮ ድረስ አመጣልኝ። ሻይ እንጠጣ ስለው እቸኩላለሁ አለ። ፊቴን ላለማየት የሸሸ ይመስለኛል።

ወረቀቱ አንድ ገጽ ነው። ዋሱ ቋሚ ሠራተኛ መሆን አለበት፤ ደሞዙንም መሥሪያ ቤቱ በደብዳቤ ማረጋገጥ አለበት። የእሱ ስም ተሞልቷል። የእኔ ቦታ ባዶ ነው። ዋስትናው እስከ ስንት ብር እንደሆነ የሚጻፍበት መስመርም ባዶ ነው። ለሕግ ክፍሉ ልጅ አሳየሁት። አየት አደረገና ሳቀ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ቁጥር 1922 ላይ፣ የገንዘቡ ከፍተኛ ልክ ያልተጻፈበት ዋስትና አይጸናም አለኝ። "ባዶውን ፈርመሽ ስጫቸው። ነገ ቢመጡብሽ እኔ አለሁ።"

ለእኔ አስቦ ነው። እውነቴን ነው፣ ለአንድ አፍታ ቀለል አለኝ። ከዚያ ያ መቅለል ራሱ ከበደኝ። እንደማይጸና እያወቅኩ ቃሌን ልሰጥ? ሰዎቹ እኔን አምነው ልጁን ገንዘብ ላይ ሊያስቀምጡ፣ እኔ ደግሞ በልቤ "ይኼ ባዶ ነው" እያልኩ ልፈርም? "ቃላችሁ አዎን አዎን ወይም አይደለም አይደለም ይሁን" የተባለው ለእንደዚህ ዓይነቱ ቀን ይመስለኛል። ከፈረምኩ መጠኑ ተጽፎ ነው። እዚህ ላይ ወስኛለሁ። መፈረሙ ግን ራሱ አልተወሰነም።

ማክሰኞ ማታ አንድ ነገር አደረግኩ። ዓይኔን ጨፍኜ መጽሐፍ ቅዱሱን ገለጥኩ። አንደኛ ዜና መዋዕል ወጣ። የስም ዝርዝር። እገሌ እገሌን ወለደ። ዘጋሁትና እንደገና ልገልጥ ስል እጄ ቆመ። እንዲህ የሚያደርግ ሰው ላይ አልፈርድም። ማትያስም ከአሥራ አንዱ ጋር የተቆጠረው በዕጣ ነው። እነሱ ግን አስቀድመው ጸለዩ፤ ዕጣውንም አንዴ ጣሉ። እኔ ደስ የሚለኝ ገጽ እስኪወጣ ልገልጥ ነበር። እንዲህ ከሆነ መልሱን የምሰጠው ራሴ ነኝ።

ንስሐ አባቴ ጋ ደወልኩ። "አባቴ፣ ልፈርም ወይስ ልተው?" አልኳቸው።

"ጸለይሽ?" አሉኝ።

"አዎ።"

"አነበብሽ?"

ዝም አልኩ።

"በይ ዋስ የሚለውን ቃል ተከትለሽ አንብቢ። አንዱን ጥቅስ ይዘሽ ግን እንዳትቆሚ" ብለው ባረኩኝና ዘጉት።

መጀመሪያ ምሳሌ 6ን ከፈትኩ። ወዲያው ደነገጥኩ። ለጎረቤትህ ዋስ ከሆንክ በአፍህ ቃል ተጠምደሃል፣ ተያዝክ ይላል። ሄደህ ለምነው፣ ለዓይንህ እንቅልፍ አትስጥ፣ እንደ ሚዳቋ ከአዳኝ እጅ፣ እንደ ወፍ ከአጥማጅ እጅ አምልጥ። ወረድ ብሎ ምዕራፍ 22 ላይ ደግሞ፣ የምትከፍለው ከሌለህ የተኛህበትን ከሥርህ ይወስዱታል ይላል። እኛ አገር ለቤት ሠራተኛ ዋስ የሚሆነውን ሰው "ተያዥ" እንለው የለ? ይህን ሁሉ ዘመን ቃሉን ስሰማው ኖሬ አንድም ቀን አላሰብኩትም። ተያዥ። የሚያዝ ሰው። ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ በልብሳቸው ጫፍ ተቋጥረው ዳኛ ፊት ይሄዱ ነበር፤ ቁራኛ የሚባለው እሱ ነው። ፊርማም እንደዚያ ያለ ቋጠሮ ነው። ሰውየው ወደሄደበት ይጎትታል።

እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ ሌሊቱን በሰላም እተኛ ነበር። "መጽሐፉ ከልክሎኛል" ብዬ ወረቀቱን እመልስለታለሁ። ምሳሌን የጠቀሰን ሰው ማን ይከራከረዋል? ንስሐ አባቴ ግን አትቁሚ ብለውኛል።

ሲራክ 29ን አነበብኩ። በስንት ጊዜዬ! ደግ ሰው ለባልንጀራው ዋስ ይሆናል ይላል። ዋስ የሆነልህን ሰው ውለታ አትርሳ፣ ነፍሱን ስለ አንተ ሰጥቷልና ይላል። እዚያው ምዕራፍ ላይ፣ ጥቂት ወረድ ብሎ፣ ዋስትና ስንቱን ባለጸጋ ከቤቱ እንዳፈናቀለ ይናገራል። ቀጥሎም፣ ባልንጀራህን በአቅምህ እርዳው፣ አንተም እንዳትወድቅ ተጠንቀቅ ይላል። ሁለቱንም አንድ ገጽ ላይ አስቀምጦልኝ ሄደ። "በአቅምህ" የሚለው ቃል ላይ ብዙ ቆየሁ። አቅሜ ስንት ነው? የደሞዜን ልክ አውቃለሁ። የልቤን ልክ ግን በምን እለካዋለሁ?

ከዚያ ጳውሎስ መጣ። ስለ አናሲሞስ ለፊልሞና ሲጽፍ፣ የበደለህ ወይም የሚከፍልህ ዕዳ ቢኖርበት በእኔ ላይ ቁጠረው፣ እኔ እመልሰዋለሁ ይላል። ይህን በእጄ ጻፍኩ ብሎ ስሙን ያስቀምጣል። ይኼ የዋስትና ቅጽ አይደል እንዴ? ያውም የተሞላ። ዕብራውያን 7 ላይ ደግሞ ጌታ ራሱ ለሚሻል ኪዳን ዋስ ሆነ ተብሏል። ዋስ። ያንኑ ቃል። መድኃኔዓለም የተጠራበትን ስም ነው እኔ ሳምንቱን ሙሉ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ የምፈራው።

ከሁሉ በላይ እንቅልፍ የነሳኝ ግን ኦሪት ዘፍጥረት ነው። ታሪኩን ሁላችንም እናውቀዋለን። ረሃብ ነው። ያዕቆብ ብንያምን ወደ ግብፅ አልሰድም ብሏል። ሁለት ልጆቹ በተራ ይለምኑታል። መጀመሪያ ሮቤል፦ መልሼ ባላመጣልህ ሁለቱን ልጆቼን ግደል ይለዋል። አባትየው እምቢ ይላል። በኋላ ይሁዳ ይመጣል፦ እኔ ዋስ እሆናለሁ፣ ከእጄ ትሻዋለህ። ያዕቆብ እሺ ይላል። ሁለተኛው ሲለምን እህሉም አልቆ ነበር፤ ያንን አልክድም። ግን ምን እንዳስያዙ እዩ። ሮቤል ያስያዘው የልጆቹን ነፍስ ነው። ይሁዳ ራሱን ነው። ዮሴፍን እንሽጠው ያለውም ይኸው ይሁዳ መሆኑን ሳስብ ደግሞ አለቀስኩ። ቀኑ ሲደርስ ግብፅ ላይ ዮሴፍ ፊት ቆሞ፣ በልጁ ፈንታ እኔ ባሪያ ሆኜ ልቅር አለ። ቃሉን ከፈለ።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ጥያቄዬ ተለወጠ። እኔ ብፈርም የማስይዘው ማንን ነው?

ደሞዜ የእኔ ብቻ አይደለም። የቤት ኪራዩ አለ። የእማዬ የግፊት መድኃኒት አለ። የልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ መስከረም ላይ ይጠብቀኛል። የአክስቴ ልጅ አንድ ቀን ቢሰናከልና ከደሞዜ ቢቆረጥ፣ የሚጎድለው ከእኔ ሳህን ብቻ ቢሆን እሰየው ነበር። እኔ ይሁዳን መስዬ እፈርምና ዕዳውን የምትከፍለው ልጄ ብትሆንስ? ያኔ ሮቤል ነኝ ማለት ነው። የልጆቹን ነፍስ ሲሰጥ ደግ የመሰለው ሮቤል።

እምቢ ብለውስ? ድሮ ቢሆን እኔ ባልሆን ሌላ ሰው ይገኝ ነበር። ሰፈራችን ሳይፈርስ፣ ዶሮ ማነቂያ እያለን፣ ዋስ የሚፈለገው ከግድግዳ ማዶ ነው። የእድሩ ዳኛ ነበሩ፣ አስተማሪው ነበሩ፣ ያ የመብራት ኃይል ጡረተኛ ነበር። ልጁን ከነመሀረቡ ያውቁታል። ማን እንደወለደው፣ መቼ እንዳጠፋ፣ መቼ እንደተመለሰ ያውቃሉ። አሁን ግማሹ አራብሳ ነው፣ ግማሹ ገላን። አዲሱ ጎረቤቱ የልጁን ስም እንኳ አያውቅም። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ አምሯል፣ እኔም ማታ ማታ ስሄድበት ደስ ይለኛል። ግን ሰው የሚያውቀው ሰው ሲበተን ለደሃ ልጅ ማን ይፈርምለታል? የቀረሁት እኔ ነኝ። ይህንን እሱም ያውቃል። ለዚህ ነው ሻዩን ሳይጠጣ የሄደው።

የአባዬን ነገር ካላነሳሁ ደግሞ ይህ ሁሉ ጎዶሎ ነው። አባዬ ለሥራ ባልደረባው ዋስ ሆኖ ነበር። እኔ አምስተኛ ክፍል ነበርኩ። ሰውየው ገንዘብ አጎደለና ጠፋ። ከአባዬ ደሞዝ በየወሩ ሲሶው መቆረጥ ጀመረ። ስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ስፈተን ገና አላለቀም ነበር። እማዬ እንጀራ ጋግራ መሸጥ የጀመረችው ያኔ ነው። ጭሱ ዓይኗን እስከዛሬ አልለቀቃትም። ጫማዬ ሦስት ጊዜ ተሰፍቷል። እማዬ የሰውየውን ስም ቤታችን ውስጥ አታስጠራም ነበር።

ከዓመታት በኋላ የሰውየው እናት ሞቱ። አባዬ ጋቢውን ለብሶ ለቅሶ ሄደ። እማዬ በር ላይ ቆማ "ወዴት ነው?" አለችው። "እናትየው ምን አደረጉኝ?" አላት። ሦስቱንም ቀን ድንኳን ውስጥ ተቀመጠ። ሰውየውም መጥቶ እንደነበር የሰማነው በኋላ ነው። ምን እንደተባባሉ አባዬ አልነገረንም። ይዞት ሄደ። ነፍሱን ይማርልን።

ዛሬ ዝናቡ ሲያባራ ተሳልሜ ወደ ቤት መጣሁ። እማዬ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳት። የልጁን፣ የሕግ ክፍሉን፣ የይሁዳን። ሳታቋርጠኝ ሰማች። መላጡንም አላቆመችም። ስጨርስ እጇን ታጠበች፣ ወረቀቱን አንስታ በዚያ በደከመ ዓይኗ አየችው፣ መልሳ አስቀመጠችው።

"የአባትሽን ነገር እንዳትረሺ" አለችኝ።

ከዚያ ውዳሴ ማርያሟን ይዛ ገባች።

ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ልጁ ይደውላል። አሁን እኩለ ሌሊት እየተቃረበ ነው፤ የእማዬ መብራት በበሩ ሥር ይታየኛል፣ አልተኛችም። ገብቼ ልጠይቃት እያልኩ ሦስት ጊዜ ተነሳሁ። የማልረሳው የትኛውን ነው እማዬ? ደሞዙን ነው ወይስ ለቅሶውን?