ሕመሙ ሳይለቅ እንጀራው ላልተቋረጠበት

እግዚአብሔር ይመስገን። ጎንደር ላይ ወገቡን፣ አንገቱን ወይም ጉልበቱን ይዞ ጸበል የሚወርድ ሰው ልመናው ብዙ ጊዜ ሁለት ነው፦ «ሕመሙን ንቀልልኝ፤ ካልሆነም እንጀራዬን አታቋርጥብኝ።» የመጀመሪያው የተሰማለት ሲመሰክር እልል ይባልለታል። ሁለተኛው የተሰማለት ግን ዝም ብሎ ሥራው ይገባል። ምስክርነታችን ለዚህኛው ነው፤ መልሱ የሚመጣው በጀሪካንና በወረቀት ስለሆነ ልብ የሚለው የለም።

ጀሪካኑን እንይ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ባለ 20 ሊትሩ ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። ጎንበስ ብሎ በአንድ እጁ ያነሣው ሰው ቀኑ ሥራ ሳይገባ ያልቅበታል። በሁለት ባለ 5 ሊትር፣ ጉልበትን አጥፎ፣ ወደ ሰውነት አስጠግቶ ማንሣት ምልልሱን ቢያበዛም ወገብ ይተርፋል። ልብስ ሰፊ ከሆነ ዳሌው ከጉልበቱ ጥቂት ከፍ እንዲል ጋቢ አጥፎ ይቀመጥበት፤ በየ30 ደቂቃው ተነሥቶ ወዲያ ወዲህ ይበል። ሰው የሚሳሳተው ሲሻለው ነው፦ የሳምንቱን ሥራ በአንድ ደህና ቀን ይጨርስና ሦስት ቀን ይተኛል። አሠሪ የሚመረረው በሕመሙ ሳይሆን በዚህ ነው።

ወረቀቱ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩ 2 ወር ግማሽ፣ የቀረው 3 ወር ያለ ክፍያ ነው። በተከታታይም ተቆራርጦም ቢወሰድ ይደመራል። ስለዚህ እየሄደ የሚመለስ ሕመም ያለበት ሰው ዛሬ 2 ቀን፣ በወሩ 3 ቀን ሲል ሙሉ ክፍያው ሳያውቀው ያልቅበታል፤ ቀኖቹን በደብተር ይያዝ። በቀረበት ማግስት ማሳወቅ፣ መንግሥት ካወቀው የጤና ተቋም ማስረጃ ማምጣትም ግዴታው ነው። ሐኪሙን «5 ቀን ይረፍ» ብቻ ሳይሆን «ከ10 ኪሎ በላይ አያንሣ፣ ለረጅም ሰዓት አይቁም» የሚል ካስፈለገው እንዲጽፍለት ይለምነው። አለቃ «አመመኝ» ሲሉት የሚያደርገው ይጠፋዋል፤ የማይቻለው ተለይቶ ሲነገረው ግን ቦታ መቀየር ይችላል።

በጾም ወራት ሌላ ችግር አለ። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው እንደ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ያለ የሕመም ማስታገሻ በባዶ ሆዱ ሲውጥ ከርሞ ጨጓራው ሊቆስል፣ ሊደማም ይችላል፤ ውኃ ሳይጠጣ ሲሆን ኩላሊትም ሊጎዳ ይችላል። ለንስሐ አባቱ ይንገር፤ ጾሙን ያቀልሉለታል፣ ስግደቱንም በሌላ ይለውጡለታል። ለመደገፍ መቋሚያ አለ፤ ማንም አያፍርበትም። ጸበል ጀመርኩ ብሎ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት መተው ግን ልመናን አያጠነክርም።

ጭኑ መካከል የደነዘዘበት፣ ሽንቱ የተያዘበት ወይም ያመለጠው፣ እግሩ እየከዳው የመጣ ሰው ካለ ሥራውም የጸበሉ ወረፋም ይቆየው። ያንኑ ዕለት ሆስፒታል ይግባ።