የማን ሰው ነው?

አማኑኤል፣ ጥር

ትናንት ማታ አባቴ ሳጥኑን ከፍቶ የመሬት ደብተሩን አወጣ። በፌስታል ጠቅልሎ፣ ፌስታሉን ደግሞ በነጠላ ጥለት አስሮ ነው የሚያስቀምጠው። ውስጡ የእሱና የእናቴ ፎቶ ጎን ለጎን አለ። እናቴ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆናት። ፎቶዋን በአውራ ጣቱ ጠረግ አደረገና "ያንችውስ ደብተር የታለ?" አለኝ።

እንግሊዝ አገር ቤት መግዛቴን በስልክ ነግሬው ነበር። ግን በስልክ የሚያልቅ ወሬ አይደለም። እሳት ዳር ቁጭ ብለን ከመጀመሪያው አጫወትኩት። ዛሬ ደግሞ ሳይጠፋብኝ ልጻፈው አልኩ።

ሊድስ የምትባል ከተማ ውስጥ ነርስ ነኝ። እዚያ በባንክ ብድር ቤት የሚገዛ ሰው ያለ ሶሊሲተር ወይም ያለ ኮንቬያንሰር አይሆንለትም። "ጠበቃ ያዝኩ" ስለው አባቴ ችሎት ቆሞ የሚከራከር ሰው መሰለው። አይ፣ ወረቀት የሚመረምር፣ ውል የሚያይ፣ ገንዘቡን ተቀብሎ ለሻጭ የሚያስተላልፍ ነው አልኩት። "እንዲያ ከሆነማ ነገረ ፈጅ በይኛ!" አለ። እውነቱን ነው፤ ከእሱ የተሻለ ቃል አላገኘሁለትም።

ያኔ መጀመሪያ በስልክ ስነግረው የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ "የማን ሰው ነው?"

አባቴ ይህን የሚጠይቀው ወዶ አይደለም። እኔ ልጅ ሳለሁ ከድንበርተኛው ጋር በወሰን ተካሶ ነበር። ማመልከቻ የሚጽፍለት ራፖር ጸሐፊ ከወዲያኛውም ወገን እየተከፈለው ኖሯል። አባቴ ይህን ያወቀው ሁለት ዓመት ከተመላለሰ በኋላ ነው። ስለዚህ "ጎበዝ ነው ወይ?" ብሎ አይጠይቅም። "የማን ሰው ነው?" ይላል።

"ቤቱን የሚያሻሽጠው ደላላ ነው የሰጠኝ" አልኩት። ስልኩ የተቋረጠ እስኪመስለኝ ዝም አለ።

ዝምታው አላስተኛኝም። ሌሊት ተነስቼ ከደላላው ቢሮ የመጡትን ወረቀቶች አገላበጥኩ። ሦስተኛው ገጽ ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል፤ ደንበኛ ስለላኩ ከሕግ ቢሮው ኮሚሽን ይቀበላሉ። እዚያ አገር ይህ በሕግ የተከለከለ አይደለም፣ መግለጽ ብቻ ነው ያለባቸው። ገልጸውታል። እኔ ነኝ ያላነበብኩት። ለሕግ ቢሮው ስደውል አንድ ቀን አንዱ ያነሳል፣ ሌላ ቀን ሌላው። ጉዳዬን የያዘው ማን እንደሆነ ስድስት ሳምንት ሙሉ አላወቅሁም።

ቤት የገዛች አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የራሷን ሶሊሲተር ስም ሰጠችኝ። ስሟን የእንግሊዝና የዌልስ ሶሊሲተሮች ተቆጣጣሪ ድረ ገጽ ላይ ፈለግኩ፤ ፈቃዷም፣ ቢሮዋም አለ። ለሌሎች ሁለት ቢሮዎችም ደወልኩ። ሦስቱንም አንድ ጥያቄ ጠየቅሁ፤ "ጉዳዬን የሚይዘው ሰው ማን ነው? በስሙ ደውዬስ አገኘዋለሁ?" ያለ ማቅማማት "እኔ ነኝ" ያለችኝ እሷ ብቻ ነበረች። ደላላው ከሰጠኝ የሕግ ቢሮ በዋጋ ትወደዳለች። ቢሆንም ጉዳዬን ወደ እሷ አዞርኩ።

በሳምንቱ ራሷ ደወለች። ልገዛ የነበረው አፓርታማ ሊዝ ነው፤ የቀረው 71 ዓመት ብቻ ነው አለችኝ። እኛ አገር የከተማ መኖሪያ ሊዝ 99 ዓመት ስለሆነ 71 ለእኔ ብዙ መስሎኝ ነበር። እሷ አስረዳችኝ፤ ከ80 በታች ሲወርድ ማራዘሚያው ይወደዳል፣ ብዙ ባንኮችም ማበደር ይፈራሉ፣ ነገ ልሽጠው ብልም ገዥ ያስቸግረኛል። የፊተኛው ቢሮ ይኼው ወረቀት እጁ ላይ ነበር። አንድም ቃል አልነገረኝም። ይህን ስጽፍ አሁንም ደሜ ይፈላል።

ተውኩት። እኛ አገር ዋጋ እንደተቆረጠ ቀብድ ይከፈላል፤ ሰጪው ካፈረሰ ይቀርበታል፣ ተቀባዩ ካፈረሰ እጥፍ ይመልሳል። እዚያ ግን ውል እስኪለዋወጡ ድረስ ሁለቱም ወገን ያለ ቅጣት መውጣት ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ የዋጋው 10 በመቶ በቀብድ የሚያዘው ውሉን ሲለዋወጡ ነው። እኔም የቤቱን ጉዳይ ለማጣራት ከከፈልኩት በቀር አልከሰርኩም። ሶሊሲተር የሚፈተነው እንግዲህ ከፊርማው በፊት ባሉት ሳምንታት ነው።

ሁለተኛው ቤት ትንሽ ነው፣ ግን መሬቱም የራሴ ነው። ለእሱ የድንጋይ ከሰል ቁፋሮ ማጣሪያ ወረቀት ሳይቀር አስወጣች። ሊድስ ዙሪያ ድሮ ከሰል ይቆፈር ስለነበር ከቤቱ ሥር ጉድጓድ አለመኖሩ ይታያል። አባቴ ይህን ሲሰማ "ከመሬት በታች ያለውንም?" ብሎ ጋቢውን አስተካክሎ ተቀመጠ።

ከሁሉ የከበደኝ እቁቡ ነበር። ገንዘብ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ሕጉ ያስገድዳቸዋል። የባንክ ወረቀቴ ላይ በየወሩ 500 ፓውንድ ይወጣል፣ አንድ ወር ላይ ደግሞ 6,000 ይገባል። ለማያውቅ ሰው ያስደነግጣል። እኔም ሌባ የተባልኩ መስሎኝ ፊቴ ጋለ። እሷ ግን እስክሪብቶዋን አስቀምጣ "እስቲ አስረጂኝ" አለች። አሥራ ሁለት ሆነን እንደምንጥል፣ ዕጣ እንደሚወጣ፣ ዳኛና ጸሐፊ እንዳለን ነገርኳት። የእቁባችን ዳኛ ደብዳቤ ጻፈልኝ፣ ጸሐፊዋ የከፈልንበትን መዝገብ ገልብጣ ሰጠችኝ። ሶሊሲተሯ "እቁብ" የሚለውን ቃል አጥንታ ፋይሉ ላይ ጻፈችው። ያን ቀን ነው ልቤ ያረፈው።

ገንዘቡን ከመላኬ በፊትም አስጠነቀቀችኝ፤ "የባንክ ቁጥራችን ተቀየረ የሚል ኢሜይል ቢመጣ አትመኝ፤ መጀመሪያ በሰጠሁሽ ስልክ ደውይ።" የኢሜይል ሌቦች ብዙ የቤት ክፍያ የሚያልቅበትን ዓርብ ከሰዓት ይጠብቃሉ። ቁጥሩን በስልክ እየተነባበብን አመሳከርን፣ ከዚያ ላክሁ።

አባቴ ይህን ሁሉ አዳምጦ ወደ ደብተሩ ተመለሰ። እዚያ ደብተር እንደማይሰጥ፣ መዝገቡ ኮምፒውተር ላይ እንደሆነ ነገርኩት። ማንም ሰው ጥቂት ፓውንድ ከፍሎ የባለቤቱን ስም ማየት እንደሚችል ስነግረው ተገረመ። በስልኬ ገጹን ከፍቼ ስሜን አሳየሁት። የእሱ ስም ከስሜ ቀጥሎ አለ። ፊደሉን ስለማያውቀው በጣቴ እየጠቆምኩ አነበብኩለት። ሁለቴ አስደገመኝ።

"የኔም አለበት?"

"አለበት አባዬ።"

"በይ አሳትሚልኝ" አለ። ነገ ደብረ ማርቆስ ሄጄ ላሳትምለት ነው። ፌስታሉን ዛሬ ጠዋት አጥቦ አጥሩ ላይ አስጥቶታል።