«ማመልከቻው መቼ ነው የሚዘጋው?» ለምትሉን

ልጅ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ለማስገባት ክረምት በመጣ ቁጥር ከአገር ቤት የሚደወለው ጥያቄ ይኸው ነው። ትምህርት ቤቱ ሮሊንግ አድሚሽን (ማመልከቻን በየተራው እያዩ መቀበል) ካለው ደግሞ «ገና ነው፣ እስከ ግንቦት ክፍት ነው» የሚል ዘመድ አይጠፋም። ብዙ ልጅ የተጎዳው በዚህ መልስ ነው።

እንደ ሃርቫርድ ያሉት ቀን ቆርጠው ማመልከቻውን ሁሉ ይሰበስቡና መልሱን በአንድ ቀን ይለቃሉ። እንደ ፒትስበርግና አሪዞና ስቴት ያሉት ግን የደረሳቸውን በየተራው እያዩ፣ ፋይሉ ከተሟላ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ይመልሳሉ፤ ቦታው እስኪሞላም ይቀበላሉ። እኛ ቀን ካልተቆረጠልን አንነሣም፤ ፈረንጅ ደግሞ ቀን ሳይቆርጥ በሩን ይዘጋል።

ከቦታው ቀድሞ የሚያልቀው ገንዘቡ ነው። የስኮላርሺፑ በጀት ቀድመው ላመለከቱት ይደለደላል። ሚያዝያ ላይ ያመለከተውንም ልጅ ሊቀበሉት ይችላሉ፤ ቤቱ በእልልታ ይሞላል። ቀጥሎ የሚመጣው ወረቀት ላይ ግን የዓመቱ ወጪ ከ40 ሺህ ዶላር በላይ ነው፣ የስኮላርሺፑ መስመር ባዶ ነው። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት ወጪ የሚሸፍን የባንክ ማስረጃ ሳያይ ለተማሪ ቪዛ የሚያስፈልገውን ወረቀት፣ አይ-20ን፣ አይሰጥም። ያኔ ቨርጂኒያ ፓርኪንግ ለሚሠራው አጎት በሌሊት ይደወላል፦ «ባንክ ስቴትመንትህን ላክልን፣ ስፖንሰር ሁነው።» ኪራዩን ከፍሎ የተረፈችውን ለእናቱ የሚልክ ሰው ነው። የለኝም ማለት ያሳፍረዋል፤ አለኝ እንዳይል ስቴትመንቱ ይናገራል። ተበድሮ ለሳምንት አካውንት ውስጥ ማስቀመጥም አያዋጣም፤ ድንገት የገባ ገንዘብ ከየት መጣ ተብሎ ቪዛ መስኮት ላይ ልጁ ይጠየቅበታል።

ስለዚህ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ያላችሁ፣ ኮመን አፕ (በአንድ ቅጽ ለብዙ ዩኒቨርሲቲ የሚያመለክቱበት ድረ ገጽ) የሚከፈተው በፈረንጆቹ ኦገስት 1፣ በእኛ ሐምሌ 25 ነው። የእንግሊዝኛ ፈተናውን፣ ቶፍሉን፣ አይልትሱን ወይም ዱዎሊንጎውን፣ ክረምቱን ተፈትናችሁ ጨርሱ። ማመልከቻው ከመስከረም እስከ ጥቅምት መጨረሻ ይግባ። የብሔራዊ ፈተናውን ውጤት አትጠብቁ፤ እሱ እስኪወጣ እዚህ ትምህርት ተጀምሯል። ከ9ኛ እስከ 11ኛ ባለው ትራንስክሪፕት አመልክታችሁ የ12ኛውን በኋላ ትልካላችሁ። የማመልከቻ ክፍያው ከከበዳችሁ፣ ነፃ የሚያደርጉ ትምህርት ቤቶች ስላሉ ሳታፍሩ ጠይቁ።

ፋይል ከሚያስቆሙ ነገሮች ዋናው ስምና የልደት ቀን ነው። የአባትና የአያት ስም ፓስፖርቱ ላይ እንደተጻፈ፣ ፊደል ሳይለወጥ ይሁን። ትራንስክሪፕቱ ላይ የልደት ዘመኑ በእኛ አቆጣጠር 2000 ከተባለ፣ ልጁ ፈረንጁ ዘንድ በ7 ወይም በ8 ዓመት አርጅቶ ይታያል፤ ከሪከርድ ክፍል ስታወጡት የፈረንጁ ቀን ይጻፍበት። ያልተሟላ ፋይል ደግሞ ተራ አይያዝለትም፣ ሳይታይ ይከርማል። ፖርታሉን (ማመልከቻችሁ የት እንደደረሰ የሚታይበትን የትምህርት ቤቱን ገጽ) በየሳምንቱ ክፈቱ፤ «አልደረሰም» የሚል ካያችሁ በዚያው ቀን ኢሜይል ጻፉላቸው።