ከመረቁ የወጣው ሽንኩርት፦ ለውሻዬ የበረዶ መክሰስ ስሠራ ማንም ያልነገረኝ

ለውሻ ስለሚዘጋጅ የበረዶ መክሰስ ያነበብኩት ሁሉ «ሽንኩርት እንዳትጨምሩ» ይላል። እሺ፤ ማን ይጨምራል? አብሮ ተቀቅሎ የወጣ ሽንኩርትም መርዙን መረቁ ውስጥ ትቶ እንደሚወጣ ግን አንዱም አልነገረኝም። በእኛ አገር ደግሞ ሽንኩርት ያልነካው መረቅ ማግኘት ቀላል አይደለም። የምጽፈው ለዚህ ነው። ስለ ሙዙና ስለ ፓፓያውማ ማንም ሊነግራችሁ ይችላል።

የምኖረው ድሬዳዋ ነው። ግንቦትና ሰኔን እዚህ ያሳለፈ ሰው ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም። እኛ ቢያንስ ያልበናል፤ ሲመሽ ደጅ ወጥተን ነፋስ እንቀበላለን። ውሻ ግን እንደ ሰው መላ ገላውን አያልበውም። ሙቀቱን የሚያወጣው በዋናነት ምላሱን አውጥቶ በማለክለክ ነው። ነብሮ ከጠዋት እስከ ማታ ሲሚንቶው ላይ ተዘርግቶ ሲያለከልክ፣ ምግቡንም ገፋ ሲያደርገው ነው ነገሩን የጀመርኩት። ዝርያው የማይታወቅ የሰፈር ውሻ ነው። ቁመቱ ትንሽ ነው፣ ሰባት ኪሎ ቢሆን ነው። ኪሎውን ያዙልኝ፤ በኋላ ያስፈልገናል።

ጎረቤት ሳቀብኝ። አንዷ «አቦ፣ እኛስ?» አለችኝና ለእሷም ሰጠኋት። የማንጎውን ወደደችው። ሌሎች ደግሞ «ቀዝቃዛ ነገር ውሻ ይገድላል» ብለው አስፈራሩኝ። ጤነኛ ውሻን በረዶ አይገድለውም፤ ወሬ ነው። ሙቀት መትቶት የሚንገዳገድ ውሻ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ለእሱ መክሰስ አይደለም የሚያስፈልገው። ገላውን በውሃ እያረጠቡ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው።

የፍራፍሬው ሥራ ቀላል ነው። ሐብሐቡን ፍሬውንና ቅርፊቱን አስወግዶ መፍጨት። ፓፓያም እንደዚያው። ማንጎ ከሆነ ልጣጩም ፍሬውም አይገባም፤ ፍሬው ከተዋጠ አንጀት ይዘጋል። ዱባ ያለ ጨው ቀቅሎ ማድቀቅ። ለጣዕም ትንሽ ሙዝ። ስኳር የለም፣ ማር የለም፣ ጨው የለም። በረዶ ማስቀመጫው ላይ አፍስሶ ፍሪዘር ውስጥ መክተት ነው። ወይን፣ ዘቢብና ቸኮሌት ግን በምንም መልኩ አይሞከሩም። ወይንና ዘቢብ የውሻን ኩላሊት እስከ መግደል ያደርሳሉ፤ የትኛው ውሻ በስንት ፍሬ እንደሚታመም ቀድሞ ማወቅም አይቻልም።

ሁሉም አሠራር እርጎ ይላል። እኔ እርጎውን ትቼዋለሁ። ብዙ ያደጉ ውሾች የወተትን ስኳር በደንብ አይፈጩም፤ የነብሮን ሆድ ደግሞ አንድ ማንኪያ እርጎ ይበቃዋል። ቤቱ ጠባብ ነው፣ ዝርዝሩን ልተወው።

ንጹህ ውሃ አቀዝቅዞ መስጠትንም አልወድም። ጠንካራ በረዶ የሚያኝክ ውሻ ጥርሱን ሊሰብር ይችላል። ዱባ ወይም ሙዝ የገባበት በረዶ ግን ለስለስ ይላል። እሱንም ቢሆን ከፍሪዘር እንደወጣ አልሰጥም፤ ጠርዙ መቅለጥ እስኪጀምር እጠብቃለሁ።

የለውዝ ቅቤ ላይ ትንሽ ልቆይ። ከውጭ የሚመጣ ጣሳ የምትገዙ ከሆነ ጽሑፉን አንብቡ። ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ ካለበት፣ አንዳንዱ ላይ «የበርች ስኳር» ተብሎ ይጻፋል፣ ወደ መደርደሪያው መልሱት። ለሰው ምንም አይደለም። ለውሻ ግን በጣም ትንሹ እንኳ የደሙን ስኳር በደቂቃዎች ውስጥ ያወርደዋል፤ ከፍ ሲል ጉበቱን ይጎዳል። «ስኳር የሌለው» የሚለው ጣሳ ነው ይበልጥ የሚያጠራጥረው። እኔ እዚሁ አጠገባችን ያለውን የባቢሌ ለውዝ ነው የምገዛው። ያለ ጨው ቆልቼ ራሴ እፈጫለሁ። ከመቁላቴ በፊት ግን እንደ ምስር እለቅመዋለሁ። የሻገተ፣ የተጨማደደ፣ ቀለሙ የተለወጠ ፍሬ ይጣላል። ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን ሲቆሉት አይጠፋም፤ ውሻ ደግሞ ይህን መርዝ ከማይችሉ እንስሳት አንዱ ነው።

አሁን ወደ መረቁ።

ነብሮ ፍራፍሬውን ይልሰው ነበር እንጂ አላበደለትም። በየአሠራሩ «የአጥንት መረቅ አቀዝቅዙ፣ ውሾች ይሞቱለታል» የሚል አነበብኩ። ውጭ አገር ያለ ሰው ሱቅ ገብቶ ሽንኩርት የሌለበት የውሻ መረቅ በካርቶን ይገዛል። እዚህ ያለው የሾርባ ኩብ ነው፤ እሱም ጨውና የሽንኩርት ዱቄት ነው። ስለዚህ ሰፈራችን ካለ ምግብ ቤት የቅቅል መረቅ መግዛት ጀመርኩ። ጠይቄያለሁ። ደግሜም ጠይቄያለሁ።

«እትዬ፣ ሽንኩርት አለው እንዴ? ለውሻዬ ነው።»

«ለውሻ? ጉድ እኮ ነው! የለውም ልጄ፤ ይኸው እዪው፣ ጠብ የሚል ነገር የለውም።»

እውነትም አልነበረውም። ጥርት ያለ መረቅ ነው። ከላይ ያለውን ስብ አንስቼ፣ በውሃ አቅጥኜ አቀዘቀዝኩት። ነብሮ ፍሪዘሩ ሲከፈት ከግቢው ጫፍ እየሮጠ መምጣት ጀመረ። ጠዋት ይበላል፣ ከሰዓት ይበላል። እኔም ደስ አለኝ፤ ፎቶ እያነሳሁ ለዘመድ እልክ ነበር።

ከዚያ ቀስ እያለ ደከመ። መጀመሪያ ሙቀቱ ነው አልኩ። ደረጃ መውጣት ተወ። ሲተነፍስ ጎኑ በፍጥነት ይመታል። አንድ ጠዋት ግድግዳው ሥር ሲሸና አየሁት፤ ሽንቱ ኮካ ኮላ ይመስላል።

ይዤው ወደ እንስሳት ክሊኒክ ሄድኩ። መጀመሪያ ባጃጅ ማግኘት አለ። ውሻ ሲያዩ ጋዙን ይጨምራሉ። የተገኘውም እጥፍ አስከፈለኝ። ክሊኒኩ ስደርስ ጠረጴዛው ላይ ያለው ሰውዬ ከወንበሩ ሳይነሳ፣ «የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ካርዱ የታለ እህቴ?» አለኝ። ቤት ነው አልኩ፤ ተከትቧል፣ ካርዱ ግን ቤት ነው። «ያለ ካርድ አንነካም።» ጥንቃቄውን አልቃወምም። በሽታው አንዴ ምልክት ካሳየ መዳኛ የለውም፤ ሰውዬውም ነፍስ አለው። ግን ውሻው ቆሞ መሄድ አቅቶታል፤ አፍ አፍንጫውን በነጠላዬ አስሬዋለሁ። እዚያው ጥላ ሥር ይቆይና እኔ ካርዱን ላምጣ ብል «ኃላፊነት አንወስድም» ተባልኩ። ነብሮን ተሸክሜ ተመለስኩ። በሌላ ባጃጅ፣ በሌላ እጥፍ ሒሳብ። ካርዱን ይዤ ስደርስ ምሳ ሰዓት ሆኗል።

ከምሳ በኋላ የመጣው ባለሙያ ፍየልና ግመል የለመደ ነው። ራሱም እንደዚያ አለኝ። ከሩቅ አየው፣ «ትላትል ነው» አለ፣ ኪኒን ጻፈ። ሽንቱ እንዲህ ሆኗል አልኩት፤ «ሙቀት ነው፣ ውሃ አጠጪው» አለ። ድዱን ከፍቶ አላየም። ምን እንደሚበላ አልጠየቀም። መዥገር የሚያመጣው በሽታም ሽንት ያጠቁራል፣ ደም ይጨርሳል፤ ያንን ጠርጥሮ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስሙን በክፉ አላነሳውም ነበር። ግን ጆሮው ውስጥ መዥገር እንኳ አልፈለገም። ኪኒኑን ገዛሁ። እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ ባየሁት ቁጥር ያናድደኛል።

ያዳነኝ ስልክ ነው። ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ እንስሳት ሕክምና የተማረ የጓደኛዬ ወንድም አለ። ማታ ደወልኩለት። ሰላምታውን እንኳ ሳንጨርስ፣ «ከንፈሩን ከፍ አድርጊና ድዱን እዪው። ሮዝ ነው ወይስ ነጭ?» አለኝ።

«እንደ ወረቀት ነው።»

«በዚህ ሳምንት ምን አዲስ ነገር በላ?»

ስለ በረዶው ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና፣ «መረቁን ማን ነው የሠራው?» አለ። እዚያ ክሊኒክ መዋሌ ሁሉ ይህችን አንዲት ጥያቄ አያህልም።

በነጋታው መጥቶ ደም ወሰደ፤ በማይክሮስኮፕ አየው። ያብራራልኝን እንደገባኝ ልንገራችሁ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ውስጥ ያሉት የሰልፈር ውህዶች የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳሉ። ሴሉ ይፈነዳል፤ ቀለሙ በሽንት ይወጣል። መቀቀል መርዙን አያጠፋውም። ጭራሽ ወደ ውሃው ይለቀዋል። ሽንኩርቱ ቢወጣም መረቁ ይዞት ይቀራል። ሕመሙ ደግሞ በዚያው ዕለት ላይታይ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ቀናት ቆይቶ ነው የሚመጣው። በአንድ ጊዜ ብዙ መብላትም ግድ አይደለም፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሹም ይጠራቀማል። በአብዛኛው የሚጠቀሰው መጠን የውሻው ክብደት ግማሽ በመቶ ነው። ለነብሮ ሲሰላ 35 ግራም ነው፤ አንድ ትንሽ ራስ ሽንኩርት ማለት። ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ከዚህም ባነሰ መጠን ይጎዳል።

ማርከሻ የለውም። ምግቡ ይቆማል፣ ፈሳሽ ይሰጣል፣ እረፍት ያደርጋል፣ ደሙ እየታየ ይጠበቃል። ከባሰ የሌላ ውሻ ደም መስጠት ያስፈልጋል። እዚህ ያ እንዴት ሊሆን እንደሚችል ስጠይቀው ወሬ ቀየረብኝ። ነብሮ እዚያ ሳይደርስ ተመለሰ። ድዱ ሮዝ እስኪሆን ግን ሳምንታት ፈጀ። እኔ በነዚያ ሳምንታት ከንፈሩን ከፍቼ ስንቴ እንዳየሁ እሱ ነው የሚያውቀው፤ አሁንም እጄ ወደ አፉ ሲጠጋ ፊቱን ያዞራል።

ወደ ምግብ ቤቱ ሄጄ ተናገርኩ። እትዬ ደነገጡ፤ ግን አልተዋጠላቸውም። «ሽንኩርቱንማ በማጥለያ አውጥቼዋለሁ እኮ! ነጩንም አውጥቼዋለሁ!» አሉኝ። አልዋሹም። በእሳቸው ማእድ ቤት ሽንኩርት ካልታየ የለም ማለት ነው። አሁንም ግን አልበረደልኝም።

ይህን ስናገር ሁሌ የሚመጣብኝ መልስ አለ፦ «የእኛ ውሾች ወጥ እየበሉ ነው ያደጉት፣ ምን ሆኑ?» ምን እንደሆኑ ማን አየ? የግቢ ውሻ ሽንት ማን ያያል? ደክሞ ሲሞት «ተመርዞ ነው» ወይም «አርጅቶ ነው» ይባላል፣ አለቀ። አንድ ትልቅ የግቢ ውሻ እንጀራ ላይ የተረፈ ትንሽ ወጥ ቢልስ ላይታወቅበት ይችላል። ሰባት ኪሎ ያለው ውሻ በየቀኑ የሽንኩርት መረቅ በረዶ ሲልስ ግን ይታወቅበታል።

«አዲስ ምግብ ከመስጠታችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ» የሚለውን ምክር አከብራለሁ፤ እዚህ ግን ብዙም አይሠራም። እኔ የምለው፣ ሌላ ሰው የቀቀለውን ነገር ለውሻ አትስጡ። የእናታችሁም ቢሆን። በተለይ የእናታችሁ።

አሁን መረቁን ራሴ ነው የምሠራው። አጥንትና ውሃ፣ ሌላ ምንም። የቡላ ድስትም ሆነ የወጥ ድስት አልጠቀምም፤ ለነብሮ ብቻ የተገዛ ድስትና ማንኪያ አለ። ከተቀቀለ በኋላ ፍሪጅ ውስጥ አሳድራለሁ፤ ጠዋት ከላይ የረጋውን ስብ ሙልጭ አድርጌ አነሳለሁ። ስብ የውሻን ቆሽት ያስቆጣል። አጥንቱ ይጣላል። የተቀቀለ አጥንት ተሰንጥቆ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል፤ «ውሻ አጥንት ካልበላ» የሚሉትን አልሰማም። መረቁን ከደቀቀ ዱባ ጋር ግማሽ በግማሽ አቀላቅዬ አቀዘቅዛለሁ። በቀን ሁለት ትንንሽ የበረዶ ቁራጭ ይበቃዋል። መክሰስ ከቀን ምግቡ ከአሥር እጅ አንዱን እንዳያልፍ ይመከራል፤ እዚህ ላይ ከሐኪሞቹ ጋር እስማማለሁ።

መብራት ሲሄድ፣ ይሄዳልና፣ የፍራፍሬው ከቀለጠ በዚያው ቀን ይሰጣል። የመረቁ ቀልጦ ከሞቀ ይደፋል። መልሶ ማቀዝቀዝ የለም። መድፋቱ ያማል፤ ለዚህ ነው በአንድ ጊዜ ብዙ የማልሠራው።

ምናልባት ውሻችሁ ሽንኩርት በልቶ ካገኛችሁት ወዲያው ደውሉ፤ ሕመሙ እስኪታይ አትጠብቁ። ገና እንደበላ ከተደረሰበት ሐኪም ሊያስመልሰው ይችላል። ኪሎውን፣ ምን ያህል እንደበላና መቼ እንደበላ ይዛችሁ ደውሉ። ጎረቤት «ወተት አጠጪው» ይላችኋል። ወተት ይህንን አያረክስም። ጨው በጥብጦ በግድ ማስመለስም አይሞከር፤ ጨው ራሱ ውሻን ይመርዛል። የክትባት ካርዱን ደግሞ ዋናውን ቦርሳችሁ ውስጥ፣ ፎቶውን ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። ያ ሰውዬ አሁንም እዚያው ወንበር ላይ ነው።