ዶርዜ ላይ ሥራ ሲለመድ አየሁ

አርባ ምንጭ የሄድኩት ለመሥሪያ ቤት የሂሳብ ሥራ ነው። ቅዳሜ ነጻ ስለነበርኩ ዶርዜ ልውጣ አልኩ። ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ ድረስ፣ በቡታጅራና በሆሳዕና አድርጎ በሶዶ የሚያልፈውን መንገድ በእንቅልፍ ነው የጨረስኩት።

አርባ ምንጭ ያደርኩበት ሌሊት ግን አይረሳኝም። ክፍሉ 900 ብር ነው፤ አጎበሩ ግን ተቀዷል። ቢምቢ ጆሮዬ ላይ ስትጮህ አደረች። ወባ ባለበት ቆላ እንግዳን በተቀዳደደ አጎበር ማስተኛት ነውር ነው። ለተረኛው ብነግረው “ጋሼ፣ መስኮቱን ይዝጉት” አለኝ። በዚያ ሙቀት!

ጠዋት በዶርዜ የሚያልፈውን የጨንቻ ሚኒባስ ያዝኩ። ረዳቱ ከሌላው ሰው እጥፍ አስከፈለኝ። “ለሻንጣው ነው” አለ፤ የያዝኩት የትከሻ ቦርሳ ብቻ ነው። አጠገቤ የነበሩ እናት በጋሞኛ ተቆጡትና ትርፉን ተቀብለው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ቀኔን ያቀኑልኝ እሳቸው ናቸው።

መንገዱ ሽቅብ ሲወጣ ሙቀቱ ወዲያው ይጠፋል። ታች አባያ ሐይቅ ቀላ ብሎ ይታያል፤ ላይ ጉም፣ እንሰትና ቀርከሃ ነው። የዶርዜ ቤት የሚሠራው ከቀርከሃ ነው። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው ከዓመት ዓመት ቁመቱ ያጥራል። ቆጮ በዳጣ አቀረቡልኝ፤ ዳጣው አስለቀሰኝ፣ ግን ደገምኩ።

ብዙ የቆየሁት ሸማኔዎቹ ዘንድ ነው። እዚያ መፍተል የሴቶች፣ መሸመን የወንዶች ሥራ ነው። አንድ አባት እግራቸውን ከመሸመኛው ሥር ባለው ጉድጓድ ውስጥ ከተው ነጠላ ይሠራሉ። አጠገባቸው አንድ ልጅ ማጉን፣ አግድም የሚገባውን ክር፣ ቀሰም ላይ ያጠነጥናል። ሰውየው መወርወሪያውን ከግራ ቀኝ እየላኩ ድንገት ቆሙ። ማጉ ላይ አንዲት እብጠት ነበረች፤ ለእኔ አልታየችኝም። በጣታቸው ዳብሰው አገኟት፣ በጠሱት፣ ቋጠሩት። ከዚያ ቀሰሙን ለልጁ ሰጡትና የእሱን ጣት ይዘው እዚያችው ቦታ ላይ አስኬዱት። አንድም ቃል አልተናገሩም።

“አባባ፣ መቼ ነው እሱ የሚሸምነው?” አልኳቸው። ሽሮ ሜዳ ብዙ ዓመት ስለሠሩ አማርኛቸው ጥሩ ነው። “መጀመሪያ ክሩን ይወቅ ልጄ” አሉኝ። “ከዚያ ሜዳውን፣ ጥለት የሌለበትን፣ ይሠራል። ጥለት መጨረሻ ነው።”

እኛ ቢሮ እንዲህ አይደለም። አዲስ ተመራቂ ሲመጣ ጥግ ላይ ጠረጴዛ ይሰጠዋል፣ ወፍራም መመሪያ ይሰጠዋል፣ በቃ። ጥያቄ ሲያበዛ “ዲግሪ የለህም እንዴ?” ይባላል። ያን ጊዜ ዝም ማለት ይለምዳል፤ ዝም ያለ ልጅ ደግሞ እድገት ሲወጣ አይታወስም። ይኼ በጣም ያናድደኛል። ጎበዝ ልጆች ሲለቁብን አይቻለሁ። ለእኔ ሥራ ያስተማረችኝ አንዲት ገንዘብ ያዥ ነበረች፤ ወንበሬን ስባ ከጎኗ አድርጋ ደረሰኝ አብራኝ ታገላብጥ ነበር። ከዚያ በኋላ የወሰድኩት ሥልጠና ሁሉ እሷ ባሳየችኝ ላይ የተጨመረ ነው።

ነጠላውን ሳልከራከር ገዛሁ፤ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ እያየሁ መከራከር አልሆነልኝም።

በሚቀጥለው ወር ሁለት ተለማማጆች ይመጡልናል። ማታ ሆቴል ሆኜ ለአለቃዬ ጻፍኩለት፤ ጠረጴዛቸው ከእኔ አጠገብ እንዲሆን ጠየቅኩ። እሺ ብሏል። የመጀመሪያው ሳምንት ደረሰኝ ከባንክ መግለጫ ጋር ማመሳከር ነው፣ በእጅ፣ አንድ በአንድ፣ ሦስታችንም አብረን።